ውሃ የሌለው ራዲያተር

መካኒሳ አቦ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሲራክ ከበበው፣ ሰመራ።

ሰላምታዬ ከሁንዴሳ መኪና ቀድሞ ይድረስህ። እኔም እናትህ ትሩፋትም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ጆሮዬ ብቻ ነው፤ በመዶሻ ጩኸት አልቋል። ስልክ ደውዬ ያልመለስኩልህም ለዚሁ ነው። በስልክ ስናወራ እኔ እንድሰማ እጮኻለሁ፣ አንተ የተቆጣሁ ይመስልሃል፣ ትንሽ ቆይተን የምር እንቆጣለን። ስንት ጊዜ እንዲህ ሆነን ዘግተናል። ወረቀት አይጮህም፤ ስለዚህ እንጻጻፍ።

ሾፌሩ ሁንዴሳ ትናንት ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ ነው በመስኮት የነገረኝ። "ጋሽ ከበበው፣ ሲራክ ማቀዝቀዣ ይፈልግልኝ ብሏል" ሲለኝ ለሰመራ ሙቀት ፍሪጅ የፈለግክ መስሎኝ ነበር። ለካ ለኮምፒውተርህ ነው። ሥዕሉን የሚያወጣልህ ካርድ እየጋለ መሃል ላይ ይጠፋብሃል አሉ። ማራገቢያውም እየተንገጫገጨ ነው አለኝ። እሺ ልጄ። አንተ ጋራዡን አልወርስም ብለህ፣ እኔ ሥዕል እንጀራ አይሆንም ብዬ ከተለያየን ወዲህ ከእኔ የፈለግከው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ደግሞ ከማን እንደምትፈልግ አውቀሃል። ዕድሜዬን ሙሉ ራዲያተር እየጠገንኩ የጋለ ነገር ሳቀዘቅዝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሁንዴሳ ሌላም ነገር አጫውቶኛል። ገና ያልተሠራውን የአውቶቡስ መናኸሪያ እንደተሠራ አድርጎ የሚያሳየው ፊልምህ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካለቀ ሌላ ትልቅ ሥራ ይሰጡሃል፤ ያን ጊዜ ወደ ላፍቶ ተመልሰህ የራስህን የሥራ ቤት ትከፍታለህ። ካላለቀ ግን "ባዶ እጄን አልመለስም" ብለሃል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። እናትህ "አንድ ቦታ እረፍ፣ ወለሉን ጨረስከው" ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት ጎፋ ሄጄ አናስን አገኘሁት፤ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠውን፣ የጀማሉዲንን ልጅ። ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ማቀዝቀዣ ይወልቅና ሌላ ድርጅት የሠራው ይገጠምለታል አለኝ። ያለው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ጭልፋ የምታህል ነገር ናት፤ አናስ ራሱ ሲያሳየኝ አፈረባት። ሁለተኛው የውሃ ነው። ሲራክ፣ እውነተኛ ራዲያተር! መዳፍ ታህላለች፣ ቱቦ አላት፣ ፓምፕ አላት። ሳያት ሳቅኩ። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ስድስት የመዳብ ቧንቧዎች በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሃል ያልፋሉ፣ ከላይ ሁለት ማራገቢያ አለው። ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ፈልጌ አጣሁ። ውሃ ከሌለው ቧንቧው ለምን አስፈለገ? አናስን ስጠይቀው ደንበኛ መጣበትና ሳይመልስልኝ ቀረ። አንተ ጻፍልኝ።

የኔ ምርጫ የውሃው ነው፤ የማውቀው እሱን ነው። ግን ካርዱ ያንተ ነውና ንገረኝ። የካርዱን አራት ብሎኖች ርቀት ለክተህ ላክ። አናስ እንዳለው ብሎኖቹ ካልገጠሙ ሦስቱም ቁርጥራጭ ብረት ናቸው። የሳጥንህንም ውስጥ ለካው።

እናትህ በሶ ልካለች። ስለ ክፍልህና ስለ ጤናህ የጠየቀችህን ደግሞ ሁንዴሳ በቃል ያደርስልሃል።

አባትህ ከበበው


ሰመራ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ከበበው፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በሶውም ደርሷል፤ ግማሹን ግን ሁንዴሳ ገና አዋሽ ሳይደርስ ቀምሶታል።

የካርዱ ብሎኖች በአራት ማዕዘን የተቀመጡ ናቸው፤ ከአንዱ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል አምሳ ሦስት ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው። ሳጥኑ ሰፊ ስለሆነ የማቀዝቀዣው ውፍረት አያስቸግርም።

የውሃውን አልፈልግም። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ፓምፑ አንድ ቀን ከደከመ ውሃው እዚያው ቆሞ ይፈላል፤ ቱቦው ቢያፈስስ ደግሞ የሚያፈሰው ካርዱ ላይ ነው። የሚጠግንልኝ ሰው እዚህ የለም። ትንሿም ለዚህ ሙቀት አትሆንም። ባለ መዳብ ቧንቧውን ይግዙልኝ። በካርዱ ትንንሽ ቺፖች ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ብረቶችና ሙቀት የሚያስተላልፍ አንዲት የፔስት ቱቦ ከዕቃው ጋር መኖር አለባቸው፤ አናስ እንዳያስቀራቸው ይንገሩት።

ውሃ ሳይኖረው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀውኛል። ማስረዳቱ ረጅም ነው። እንዳለ ይላኩልኝ፣ የውስጡን እኔ አውቀዋለሁ።

እናቴ በቃል የጠየቀችኝን በተመለከተ፣ ክፍሌ ደህና ነው። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ራስ ምታቱም ትቶኛል። ፊልሙ ከግማሽ አልፏል። ሁንዴሳ መንገድ ላይ ብቻውን ስለሚውል ሰው ሲያገኝ ብዙ ያወራል፤ ሁሉንም አይመኑት።

አክባሪዎ ሲራክ


መካኒሳ አቦ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሲራክ፣

ከመቼ ወዲህ ነው እኔ "እርስዎ" የሆንኩት? ደብዳቤህን ሳነበው ለወረዳ የተጻፈ ማመልከቻ መሰለኝ። እናትህ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስትናደድብኝ "እርስዎ" ማለት የጀመርከው ገና ሱሪ መታጠቅ ስትማር ነው፤ አውቅሃለሁ።

ክፍሌ ደህና ነው ላልከው፣ ሁንዴሳ የቆርቆሮ ኮንቴይነር ነው ብሎኛል። ቀን ቀን ግድግዳው እጅ ያቃጥላል አለኝ። ይኸው ዝም ብያለሁ።

ዕቃውን ገዝቻለሁ፤ ባለ ቧንቧውን፣ እንዳልከው። አንድ ልጅ ከዱባይ አስመጥቶ ሳይገጥመው የተወው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ የለም ብሎኛል አናስ። ልኩን በካሊፐሬ ደጋግሜ አየሁት፣ አንድ ፀጉር አያልፍም። ጥቃቅኖቹ ብረቶችም ፔስቱም በላስቲክ ታሽገው ከሥር አሉ።

ሁንዴሳ ጭነት ሲጠብቅ ስለቆየ ዕቃው ሰንብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ሥራ አላሠራኝም። የሰው ራዲያተር እጄ ላይ ይዤ ዓይኔ ወደ እሱ ይሄዳል። አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ደግሞ አነሳዋለሁ። እናትህ "ልጁ እንዳለ ላኩልኝ ነው ያለው፣ ተወው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሰው ዕድሜ ልኩን የሠራበትን እጅ ኪሱ ከትቶ መቀመጥ አይችልም። የፋብሪካው ሰዎች የረሷት አንዲት ነገር ነበረች፤ አስተካክዬልሃለሁ። ምን እንደሆነች አልነግርህም። ስትፈታው ራስህ ታያታለህ፣ ያን ጊዜ ከ"እርስዎ" ወርደህ "አባዬ" ትለኛለህ።

ዛሬ የአቦ ቀን ስለሆነ ጋራዡን ዘግቼ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ለካርድ ተስዬ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ተሳልኩ። ቄሱ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን?

በእናትህ ነጭ ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ሁንዴሳ ከጭነቱ ጋር እንዳይወረውረው፣ ከጎኑ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጠው በልጆቹ አስምዬዋለሁ። ልክ እንደገጠምከው አንዲት መስመር ጻፍልኝ።

አባትህ (አንተ የምትባለው) ከበበው


ሰመራ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ዕቃው ሳይጎዳ ደርሷል። ብሎኖቹ ገጥመዋል። ያስተካከሉልኝንም ነገር አይቻለሁ፤ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

ካርዱ ደህና ነው። ሥራው እየሄደ ነው። ከእንግዲህ ለኔ ብለው ጎፋ አይመላለሱ፣ ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም። ወሩ እስኪያልቅ ስለምዋከብ ባልጽፍ አይጨነቁ።

ፎጣውን ሁንዴሳ ይመልሳል። ትንሽ አፈር ነክቶታል፤ እናቴን ይቅርታ ይበሉልኝ።

ሲራክ


መካኒሳ አቦ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲራክ፣

ሰላምታው ይቆየን። የምነግርህ አለኝ፣ ሳልነግርህ ማደር አልችልም።

ዛሬ ጎፋ ሄድኩ፤ አትመላለስ ብትለኝም ሄድኩ። ለጉራ ነው የሄድኩት፣ አልዋሽህም። ማቀዝቀዣው ሠራ፣ ልጄ ጽፎልኛል፣ እኔም የጎደለውን ሞልቼ ነው የላክሁለት ብዬ ለአናስ አወራሁለት። "ምኑን ነው የሞሉት?" አለኝ። ቧንቧዎቹን አልኩት። ልጁ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

ምን እንዳደረግኩ ስማ። ያን ዕቃ የሚሻለው ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅኩት። ምንም ድምፅ የለውም። ባዶ ነው፣ ሳይሞሉ ነው የሸጡት፣ ውሃ የሌለው ራዲያተር ደግሞ ሞተር ያቃጥላል አልኩ። የስድስቱንም ቧንቧ ጫፍ ቆርጬ ከፈትኩ፣ በተጣራ የባትሪ ውሃ ሞላሁ፤ የቧንቧ ውሃ ዝገት ያመጣብሃል ብዬ እኮ ነው የባትሪውን የመረጥኩት። ከዚያ ጫፋቸውን ቆንጥጬ በቀለጠ ስታኞ በየድኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩበት ብየዳ የለም።

አናስ ዛሬ ወንበር ሰጥቶ አስረዳኝ። ውስጡ ባዶ አልነበረም አለኝ። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ጥቂት ጠብታ ብቻ ተትቶበት የታሸገ ነው። ጠብታዋ ከካርዱ ጋር በሚነካካው ጫፍ ትተናለች፣ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። አየር ከገባበት ወይም ከሞላ አለቀ፣ መዳብ ብቻ ነው። ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

አንተ ግን "ካርዱ ደህና ነው" ብለህ ጽፈሃል። እንዴት ብሎ ነው ደህና የሚሆነው? "አይቻለሁ" ብለሃል። ምን አየህ? ያንን ደብዳቤ አሥር ጊዜ እያነሳሁ አየሁት፤ አጭርነቱ አሁን ነው የገባኝ። የፎጣውም አፈር አሁን ነው የገባኝ።

አንዲት ጥያቄ በሁንዴሳ አፍ ልኬብሃለሁ። ልጽፋት ጀምሬ ሰረዝኳት። እንዳታባብለኝ። እናትህ አታውቅም፤ ለእሷ ስለ ሰመራ መንገድ ነው የምንጻጻፈው ብያታለሁ።

ከበበው


መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሁንዴሳ ደርሶ መጣ፣ ደብዳቤ ግን የለም። "አግኝቼዋለሁ፣ ጥያቄውን ነግሬዋለሁ፣ እየጻፍኩ ነው ብሏል" ይለኛል። ሲነግረኝ ግን ጎማውን ነው የሚያየው። ስለ ፊልሙ ስጠይቀው "እሱን እራሱ ይንገርዎት" አለኝ። እንግዲህ ያ ወሬኛ ሰው ዝም ካለ ነገሩ ምን እንደሆነ አያጠራጥርም።

አናስ ዱባይ ያለ ዘመዱን ጠይቆ ነበር፤ ያን ዓይነት ማቀዝቀዣ መሥራት አቁመዋል አሉት። ሌላ ዓይነት አለ፣ ግን ብሎኖቹ ያንተን አይገጥሙም። ብሎኑን እኔ አስተካክለዋለሁ ልል ከጀልኩና አፌን ያዝኩ።

እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ጋራዡ በአንድ በኩል ያፈሳል፣ ባልዲ ደቅኜበታለሁ። ሥራ አለ፣ እጄ ግን አልሄድ ይለኛል። አንድ ራዲያተር ልከፍት ብዬ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ "ይኼስ ታሽጎ የሚሠራ ቢሆንስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እስቲ አስበው፣ በራዲያተር! ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር በር ላይ እወጣለሁ። ጎረቤት ዕዳ ያለብኝ መስሎት ይሆናል።

እናትህ አወቀች። ለሁንዴሳ ምሳ አቅርባ ሁሉንም አስወጣችው። አልተቆጣችኝም። "እሱም እንዳንተ ነው፤ ሲከፋው ዝም ይላል" ብቻ ነው ያለችኝ።

ሥራው ቢቀርም ና ልልህ ነበር። ቀድሞ ብዬህ ቢሆን ምን ነበረበት? አሁን ግን መመለሻህን በገዛ እጄ አበላሽቼ "ና" ማለት ድፍረት ሆነብኝ። ስለዚህ አላልኩም። ጻፍልኝ ብቻ። ብትሰድበኝም ግድ የለም፣ ጻፍልኝ።

አባትህ


ሰመራ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

በሁንዴሳ አፍ ለላክህብኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ባትከፍተው ኖሮ ፊልሙ ያልቅ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የዘገየሁት ይህችን ዓረፍተ ነገር የማለዝብበት መንገድ ስፈልግ ነው። አጣሁ። አታባብለኝ ስላልክ እንዳለች ላክኋት።

ፎጣውን እንደፈታሁ የቧንቧዎቹን ጫፍ አየሁ። ማን እንደበየደው ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ስታኞው ሳይደርቅ በጨርቅ ወደ ግራ ጠረግ የምታደርጋትን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያት ነው ያደግኩት። ተናደድኩ። ፎጣውን መሬት ወርውሬ ወጣሁ፤ ሁንዴሳ ነው ያነሳው። ተመልሼ ግን ገጠምኩት፣ ምናልባት ብዬ። ሥራውን ገና ሲጀምር ካርዱ ጋለና ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የድሮውን መልሼ የጠረጴዛ ማራገቢያ ደቀንኩበት። ትንሽ ይሠራል፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ይሠራል። ቀኑ ደረሰ፣ ፊልሙ አልደረሰም። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

"ካርዱ ደህና ነው" ብዬ የዋሸሁህ እንዳታዝን ብቻ ብዬ አይደለም። ጎፋ ወርደህ፣ ለክተህ፣ መርጠህ፣ ተስለህልኝ እንኳ ነበር። እውነቱን ብነግርህ ለኔ ነገር ዳግመኛ እጅህን አታነሳም ብዬ ፈራሁ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያገኘሁት ደብዳቤ እንዳይቋረጥብኝ ፈለግኩ።

ደግሞ ጠይቀኸኝ ነበር እኮ። ውሃ ሳይኖረው እንዴት ይሠራል ብለህ በግልጽ ጽፈህልኛል። አናስ በአንድ ወንበር ያስረዳህን እኔ "ረጅም ነው" ብዬ አለፍኩት። የማትሰማኝ መሰለኝ። አንተ መልስ ስታጣ በምታውቀው መንገድ ሄድክ፤ ሌላ በምን ትሄዳለህ? ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻህ አትውሰደው፣ ግማሹ የኔ ነው።

ክፍሌ ደህና አይደለም። ሁንዴሳ ያለህ እውነት ነው፣ እንዲያውም አሳንሶልህ ነው። ራስ ምታቱም አልተወኝም። የትኛውም ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል አየር በታች አያቀዘቅዝም፤ ይህን ለካርዱ አውቅ ነበር፣ ለራሴ ግን አላሰብኩትም። "ባዶ እጄን አልመለስም" ያልኩትም እኔ ነኝ። አንተ ባዶ እጅህን አትምጣ ብለኸኝ አታውቅም። "ና" ለማለት ፈርቻለሁ ብለህ ስትጽፍ ግን ብለኸኛል፣ ተቀብያለሁ።

ሁንዴሳ ይህን ደብዳቤ አድርሶ፣ በሚቀጥለው ጉዞው ሲመለስ አብሬው እመጣለሁ። ካርዱ አልሞተም። መካኒሳ ክረምት ላይ የድሮው ማቀዝቀዣም ማራገቢያው ከተቀየረ ይበቃዋል፤ የሚሆነውን አናስ ጋ አብረን ሄደን እንመርጣለን። ጋራዡ ውስጥ የማያፈስበትን አንድ ጥግ ልቀቅልኝ። ጋራዡን ልወርስ አይደለም የምመጣው፣ የራሴን ሥራ እዚያው ከጎንህ ልሠራ ነው። ኮምፒውተሬን አትከፍትም፤ እኔም መዶሻህን አልነካም። በዚህ ከወዲሁ እንስማማ።

ያን ማቀዝቀዣ አልጣልኩትም፣ ይዤው እመጣለሁ። ትናንት አውጥቼ ውስጡ ያለው ውሃ እስኪፈላ ድረስ አጋልኩት፣ ከዚያም ገልብጬ ነጭ ወረቀት ላይ አሳደርኩት። ብየዳህ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

ልጅህ ሲራክ